ወፍራሙ ተረከዝ ለምን ይሰነጠቃል?

የዐይን ሽፋን ላይ ያለው የላይኛው ቆዳ ውፍረት 0.05 ሚሊሜትር ያህል ነው። ውስጥ እግር ላይ ያለው ደግሞ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ሠላሳ እጥፍ ማለት ነው። ሆኖም በበጋ የሚሰነጠቀው ተረከዝ እንጂ ዐይን ሽፋን አይደለም። ምክንያቱን ለማየት ቆዳ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

የላይኛው ቆዳ፣ ኤፒደርሚስ የሚባለው፣ ከሥር ነው የሚታደሰው። እዚያ የሚወለዱት ሴሎች ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየተገፉ ኬራቲን በተባለ ጠንካራ ፕሮቲን ይሞላሉ። ጫፍ ሲደርሱ ሞተው፣ ጠፍጣፋ ሆነው ይነባበራሉ፤ ጉዞው አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በሞቱት ሴሎች መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ከሴራማይድ፣ ከኮሌስትሮልና ከፋቲ አሲድ የተሠራ ቅባት ነው። የሰውነት ውሃ እንዳይተን፣ ጀርም እንዳይገባ የሚያግደው በዋናነት ይህ ቅባት ነው፤ ውፍረት ብቻውን አይበቃም።

በሌላው የሰውነት ክፍል ላይ ከፀጉር ሥር ያሉት የቅባት ዕጢዎች ቆዳውን ከላይም ያወዙታል። መዳፍና ውስጥ እግር ግን እነዚህ ዕጢዎች ጭራሽ የሏቸውም፤ ያላቸው የላብ ዕጢ ብቻ ነው። ላቡ ሲደርቅ የሚተካው ቅባት የለም። በዚያ ላይ ስንቆም ተረከዝ ሥር ያለው ስብ በሰውነት ክብደት ተጨፍልቆ ወደ ጎን ይሰፋል። እርጥበት ያለው ቆዳ አብሮ ይለጠጣል፤ የደረቀውና የጠነከረው ግን ጠርዙ ላይ ይተረተራል። ሸበጥ የሚያዘወትር ሰው ይህ የሚብስበት ከኋላ ተረከዙን ደግፎ የሚይዝለት ስለሌለ ነው።

ስንጥቁን ብርሃን ላይ አድርጋችሁ እዩት። ጠርዙ ነጣ ያለ፣ ውስጡ ደረቅ፣ ካልሲ ሲጠልቅ ክር የሚይዝ ከሆነ ገና ኤፒደርሚስ ውስጥ ነው። ኤፒደርሚስ የደም ሥር የለውም። ስለዚህ ከደማ ስንጥቁ ከሥሩ እስካለው የቆዳ ንብርብር፣ እስከ ደርሚስ ድረስ ዘልቋል፤ በሩ ለጀርም ተከፍቷል ማለት ነው። የቴታነስ ጀርም አፈር ውስጥ ስለሚኖር በባዶ እግሩ ለሚሠራ ሰው ክትባቱን ማሟላት የግድ ነው።

እንክብካቤው ማታ ቢሆን ይመረጣል። እግርን ለብ ባለ ውሃ 15 ደቂቃ መዘፍዘፍ፤ ሙቅ ውሃ ያቺኑ ቅባት አጥቦ ስለሚወስድ አይሆንም። የልብስ ሳሙናም እንዲሁ፤ የቆዳ ተፈጥሯዊ አሲድነት 5 ፒኤች አካባቢ ሲሆን (ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበልጣል) እንዲህ ያለው ሳሙና 10 ገደማ ነው። ከዚያ የለሰለሰውን በእግር ድንጋይ በስሱ መፈግፈግ። ምላጭ በፍጹም! ቆዳው በጥልቅ ከተቆረጠ ይቆስላል፤ አዘውትሮ የተፋቀ ደግሞ ራሱን ለመከላከል መልሶ ይወፍራል። ጣቶች መካከልን ሳይቀር በፎጣ ጫን ጫን እያደረጉ ማድረቅ፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ወዲያው ቫዝሊን መቀባት፣ የጥጥ ካልሲ ማጥለቅ። ቫዝሊን ውሃ አይጨምርም፤ ያለው እንዳይተን ይከድናል እንጂ። ለዚህ ነው በደረቀ እግር ላይ ሲቀባ ብዙም የማይጠቅመው። ጣቶች መካከል ግን አይቀባም፣ ፈንገስ ይጋብዛል።

ለወፈረ ተረከዝ ከፋርማሲ ከ20 እስከ 25 በመቶ ዩሪያ ያለው ክሬም ይሠራል። ገበሬው ከሚያውቀው ማዳበሪያ ጋር ንጥረ ነገሩ አንድ ነው፤ ማዳበሪያው ራሱ ግን እግር ላይ አይደረግም። በደማ ስንጥቅ ላይ ክሬሙ ስለሚያቃጥል መጀመሪያ በቫዝሊን ይዳን። በሳምንት ለውጥ አላየሁም ብሎ መተው የብዙ ሰው ስህተት ነው፤ አዲስ ቆዳ ወደ ላይ እስኪደርስ ቢያንስ አራት ሳምንት መታገሥ ይገባል። ከዚያም በኋላ ካልተሻለ፣ በተለይ የውስጥ እግሩ መስመሮች ዱቄት የተነሰነሰባቸው ከመሰሉ፣ ድርቀት ሳይሆን ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል መታየት ያስፈልጋል።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከዚህ ሁሉ ውስጥ መዘፍዘፉንና መፈግፈጉን ይተው። ሕመሙ የእግር ነርቭን ሲጎዳ ላብም ስሜትም ይቀንሳል፤ እግሩ ይደርቃል፣ ቢቃጠል ወይም ቢቆስል ግን አይሰማውም። መታጠቢያውን ውሃ በክርኑ ይለካ፣ ውስጥ እግሩን በየቀኑ በመስታወት ይይ፣ የደማ ስንጥቅ ካገኘ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

በደጋና በወይና ደጋ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለሚኖሩ ደግሞ ጉዳዩ ከስንጥቅ ያልፋል። ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ የአፈሩ ደቃቅ ማዕድን በቆዳው ሰርጎ ይገባል፤ በዘር ተጋላጭ የሆኑ ሰዎች ላይ ከሰውነት ክፍሎች የተረፈ ፈሳሽን የሚመልሰውን የሊምፍ ቧንቧ አስቆጥቶ ይዘጋል። ይህ ፖዶኮኒዮሲስ ነው፣ ከዝሆኔ ዓይነቶች አንዱ። በቆላ ትንኝ ከምታስተላልፈው ዝሆኔ ይለያል፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም። በሽተኛውን ከማዕድና ከጋብቻ ማራቅ በደል ነው። በእግር ጣቶች መካከልና በእግሩ የፊት ክፍል ላይ ማሳከክና ማቃጠል፣ ማታ አብጦ ጠዋት የሚጎድል እግር ከታየ ያ ነው መነሻው። በዚህ ጊዜ በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ሽፍን ጫማ ሳይለዩ መዋል እብጠቱን ሊመልሰው ይችላል።