ስለ አምስቱ የስሜት ሕዋሳት የልጆች መጽሐፍ ሳዘጋጅ የተሸነፍሁበት ገጽ

ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመት ለሆናቸው ልጆች ስለ አምስቱ የስሜት ሕዋሳት የሚያስረዳ ኢ-ልቦለድ መጽሐፍ ለማዘጋጀት ስነሣ ሥራው በጥቂት ወራት የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። አርባ ገጽ ያለው ያ መጽሐፍ ከረቂቅ እስከ ኅትመት ሁለት ዓመት ፈጀ፤ ከዚህም ጊዜ አብዛኛውን የወሰደው አንድ ገጽ ነው። ገጹ እስከ ዛሬ ስለሚቆጨኝ፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለማዘጋጀት የሚያስብ ሰው ለእኔ ማንም ያልነገረኝን አስቀድሞ እንዲያውቅ ይህን ጽፌአለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ብዙ የሚወራላቸው አይደሉም። ሦስት ወር አነበብሁ፣ ለእያንዳንዱ የስሜት አካል ልጅ ራሱ ሊያደርገው የሚችል አንድ ሙከራ መረጥሁ፣ ረቂቁን ጻፍሁ፣ ሠዓሊ አገኘሁ። ያልጠበቅሁት ችግር የቃላት ነበር። በቋንቋችን «ስሜት» የቁጣና የደስታም መጠሪያ ነው፤ «ሕዋስ» ደግሞ በሳይንስ ትምህርት በዓይን የማትታየዋ የአካል መሠረታዊ ክፍል ስም ሆኗል። ረቂቁን ያነበብሁላት የስምንት ዓመት ልጅ «አምስት ብቻ ከሆኑ ቁጣ ስንተኛው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ጥያቄዋ ትክክል ስለነበረ መግቢያውን እንደገና ጻፍሁት። «የስሜት ሕዋሳት» የሚለውን የተለመደ ስም በርዕሱና በመጀመሪያው ገጽ ላይ አስቀርቼ፣ በውስጥ ገጾቹ ግን «የስሜት አካላት» እያልሁ፣ «ሕዋስ»ን ለጥቃቅኖቹ ብቻ ተውሁት። ይህን ልዩነት ከመጀመሪያው ያልለየ ጸሐፊ «ምላስ የስሜት ሕዋስ ነው፤ በምላስ ላይም ብዙ ሕዋሳት አሉ» የሚል፣ ልጅ ሊፈታው የማይችል ዓረፍተ ነገር መጻፉ አይቀርም።

ቁጥሩም ቢሆን ማብራሪያ ይፈልጋል። አምስት ብሎ የመቁጠሩ ልማድ ከአርስቶትል ዘመን ጀምሮ የቆየ ሲሆን፣ አካላችን ግን ሚዛኑን፣ የእጅና የእግሩን አቀማመጥ፣ ሙቀትንና ሕመምንም ይለያል። ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን ወደ አፍንጫው ጫፍ የሚያደርስ ልጅ ከአምስቱ ውጪ የሆነ ስሜት መኖሩን በራሱ አካል ያረጋግጣል፤ በውስጥ ጆሮ ያሉት ፈሳሽ የያዙ ሦስት ቀለበታማ ቱቦዎችም ተሽከርክረን ስንቆም ለምን እንደሚያዞረን ያስረዳሉ። ለእነዚህ የመጨረሻውን ገጽ ሰጠኋቸው፤ ልጆች ከሁሉ አብልጠው የወደዱትም እሱን ነው።

አሁን ወደ ምላሱ ገጽ ልምጣ። የምላስ ጫፍ ጣፋጭን፣ የፊት ጎኖቹ ጨዋማን፣ የኋላ ጎኖቹ ኮምጣጣን፣ ሥሩ ደግሞ መራራን ይለያል የሚለውን ባለ ቀለም ካርታ አብዛኞቻችን ተምረነዋል። ካርታው ስሕተት ነው። መነሻው ሄኒግ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1901 ያሳተመው ጥናት ሲሆን፣ እሱ ያገኘው የምላስ ጠርዝ ክፍሎች ለተለያዩ ጣዕሞች ያላቸው ንቁነት በመጠኑ እንደሚለያይ ብቻ ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዊን ቦሪንግ እ.ኤ.አ. በ1942 ይህንኑ ውጤት በሌላ ሥዕላዊ መግለጫ ሲያቀርበው ትንሹ ልዩነት ትልቅ መስሎ ታየ፤ ቆይቶም አንዱ ክፍል አንዱን ጣዕም ብቻ የሚያውቅ ተደርጎ ተተረጎመ። ተመራማሪዋ ቨርጂኒያ ኮሊንግስ እ.ኤ.አ. በ1974 ጉዳዩን እንደገና ስትመረምር ልዩነቱ እጅግ ትንሽ መሆኑን አሳየች። ጃፓናዊው ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ለይቶ ስም የሰጠው አምስተኛው ጣዕም፣ ኡማሚ (የሥጋ መረቅ ዓይነት ጣዕም)፣ በካርታው ላይ ቦታ እንኳ የለውም።

ይህን ሁሉ ረቂቁን ከማቅረቤ በፊት አውቅ ነበር። በረቂቄም «ጣዕም ተቀባይ ሕዋሳት ባሉበት የምላስህ ክፍል ሁሉ አምስቱንም ጣዕሞች መለየት ትችላለህ» ብዬ ጽፌ፣ በትይዩው ገጽ ላይ ሙከራውን አስቀምጬ ነበር፤ ንጹሕ ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት ከጨው ውሃ ጥቂት ወስዶ የምላስን ጫፍ፣ ጎንና ሥር መንካት፣ በየመካከሉም አፍን በውሃ መጉመጥመጥ። መጽሐፉ ለትምህርት ቤት አብያተ መጻሕፍት እንዲገባ የሚፈቅደው መሥሪያ ቤት ግን ከአራት ወር በኋላ በላከልኝ ግምገማ ላይ «የምላስ ካርታ አልተካተተም፤ ይካተት» የሚል አስተያየት ሰፍሮ አገኘሁ።

ምክንያቱን ዘርዝሬ በደብዳቤ መለስሁ። ከሁለት ወር በኋላ የመጣው መልስ ያቀረብሁትን ማስረጃ አንድም ቦታ ሳይነካ፣ ከተለመደው የተለየ ነገር ማቅረብ ተማሪዎችን ግራ ያጋባል የሚል ብቻ ነበር። በአካል ሄድሁ። ገምጋሚው በትሕትና ተቀበሉኝ፤ ወረቀቶቼንም ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩና «እርስዎ ያመጡት ክርክር የዩኒቨርሲቲ ነው፤ ልጅ የሚፈልገው ሥዕል ነው» አሉኝ። አንድ ጠብታ የጨው ውሃ በገዛ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ቢያደርጉ ነገሩ በደቂቃ እንደሚያልቅ ነገርኋቸው። ይህ የቢሮ ሥራ እንዳልሆነ ገልጸው ወረቀቶቹን መለሱልኝ። ስለ ጣዕም በሚጻፍ ገጽ ላይ ለመወሰን ከመቅመስ የቀረበ ምን ማስረጃ ይኖራል? ያ መልስ ዛሬም ያበሳጨኛል።

ከእሳቸው ይልቅ ግን በራሴ አዝናለሁ። የማተሚያ ቤቱ ተራዬ ሊያልፍ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ሠዓሊዋም ክፍያዋን እየጠበቀች ነበር። «አንድ ሥዕል መጽሐፉን አያበላሸውም» ብዬ ራሴን አሳምኜ፣ ስሕተት መሆኑን የማውቀውን ካርታ አሠርቼ በ23ኛው ገጽ ላይ አስገባሁት፤ በ22ኛው ገጽ ላይ ያለውን ሙከራ ግን ገምጋሚው ስላልተቃወሙት ባለበት ተውሁት። እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ሁለት ገጾችን ጎን ለጎን እያሳተምሁ መሆኔን በዚያ ጥድፊያ ውስጥ አላስተዋልሁም።

መጽሐፉ እንደወጣ ለልጆች በተዘጋጀ የንባብ ሰዓት ላይ ሙከራውን አብረን አደረግን። ሰባት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ጥጡን ከምላሱ ጫፍ አንሥቶ ሥዕሉን ተመለከተ፣ ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ሥዕሉን ተመለከተ። ከዚያ ወደ እኔ ቀርቦ ሌሎቹ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ጨው ጫፉ ላይም ይሰማኛል፤ ምላሴ ታሟል?» አለኝ።

መጽሐፉ የተዘጋጀው ልጆች የገዛ አካላቸውን ምስክርነት እንዲያምኑ ለማስተማር ነበር፤ ይህ ልጅ ግን ትክክለኛ ውጤት አግኝቶ ሳለ፣ የታተመ ነገር አይሳሳትም ብሎ ስላመነ በምላሱ ላይ ፈረደ። በልጆቹ ሁሉ ፊት ምላሱ ጤነኛ መሆኑንና የተሳሳተው የእኔ መጽሐፍ መሆኑን ተናገርሁ። በማግስቱ ያልተሸጡትን ቅጂዎች አስመልሼ፣ በእያንዳንዳቸው ውስጥ የማረሚያ ወረቀት በእጄ ለጠፍሁ። የተሸጡትን ግን መመለስ አልቻልሁም።

አሁን ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አለ። ገምጋሚ አንድ ነገር እንዲገባ ወይም እንዲወጣ ሲያዝ፣ ትእዛዙን ከነምክንያቱ በጽሑፍና በፊርማ ጠይቁ፤ በቃል የሚያዝ ብዙ ሰው በፊርማው ሲሆን ቆም ብሎ ያስባል። እኔ ይህን ሳላደርግ ቀርቻለሁ። ልጅ በገዛ አካሉ ሊያፈርሰው የሚችለውን ቃል ደግሞ፣ ኅትመቱ ዓመት ቢዘገይም፣ አታሳትሙ። ረቂቁ ሥዕል ከመሠራቱ በፊት ለልጆች ይነበብ፤ ሥዕል አንዴ ከተሠራና ከተከፈለበት በኋላ ጸሐፊው ራሱ ለስሕተቱ ጠበቃ ይሆናል።

ለአምስቱም እኩል ገጽ ይሰጥ የሚለውን የተለመደ ምክርም አልቀበለውም። ስለ ዓይን ልጆች አስቀድመው ብዙ ሰምተዋል፤ አፍንጫና ቆዳ ግን ሁልጊዜ ይበደላሉ። አፍንጫን ይዞ መብላት የምግቡን ጣዕም ምን ያህል እንደሚያደበዝዘው ልጅ ሲያይ፣ «ጣዕም» ብለን የምንጠራው ነገር አብዛኛው ሽታ መሆኑን ያለ ማብራሪያ ይረዳል። ከዚህ በኋላ በአፍንጫችን ውስጥ ወደ 400 የሚጠጉ የሽታ ተቀባይ ዓይነቶች መኖራቸው፣ ሳይንቲስቶቹ ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክሰል እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ግኝት እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል ሽልማት ማግኘታቸው ሲነገረው ትርጉም ይሰጠዋል። ለቆዳም ሁለት ያልሾሉ እርሳሶች ይበቃሉ፤ በጣት ጫፍ ላይ ሁለቱ ነጥቦች ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ቢራራቁም ሁለት መሆናቸው ይታወቃል፤ በጀርባ ላይ ግን ወደ አራት ሴንቲ ሜትር ካልተራራቁ አንድ ይመስላሉ። የሚጥሚጣና የቃሪያ ማቃጠልም ጣዕም ሳይሆን የሙቀትና የሕመም ስሜት በመሆኑ ቦታው ከምላሱ ገጽ ይልቅ ከቆዳው ገጽ አጠገብ ነው።

ሌላም አለ። «ሁላችንም በዓይናችን እናያለን» የሚል ዓረፍተ ነገር በረቂቄ ነበረ፤ አርታኢዬ ማየት የተሳነው ልጅ ይህ ሲነበብለት ምን እንዲሰማው እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። ዓረፍተ ነገሩን አውጥቼ፣ በስድስት ነጥቦች የሚሠሩ ፊደላት በጣት ስለሚነበቡበት የብሬል ጽሕፈት አንድ ገጽ ጨመርሁ። ከሠራኋቸው ገጾች ሁሉ በእርግጠኝነት የምኮራበት እሱ ነው።

በሁለተኛው ኅትመት 23ኛው ገጽ ላይ ያለው ቀለም ያልተቀባ የምላስ ሥዕል ነው፤ ልጁ ጨው የተሰማውን ቦታ ሁሉ ራሱ ይቀባዋል። ገምጋሚው ክፍል በዚህ ጊዜ ስለ ምላስ አንድም አስተያየት ሳይሰጥ ነው ያሳለፈው። የማረሚያ ወረቀት ያልተለጠፈበት የመጀመሪያው ኅትመት በእጃችሁ ካለ፣ ልጃችሁ ሙከራውን ከማድረጉ በፊት እባካችሁ ያን ካርታ ሸፍኑት።