ዕቁቡን ወሰድኩ

ዛሬ ዕቁቡን ወሰድኩ። ዕጣው እንኳ በስሜ አልወጣም። የወጣለት ልጅ «እኔ አልቸኩልም፣ አንቺ ውሰጂው» ብሎ ተራውን ለቀቀልኝ። ሃያ ሰው ነን፤ በወር 1,000 ዶላር እንጥላለን። 20,000 ዶላር ማለት ነው። በዚህ ብር መኪና የሚገዛ አለ፣ ሀገር ቤት የጀመረውን ቤት የሚያስጨርስ አለ። እኔ ምጣድ ልገዛበት ነው። ለኩሽና ኪራይ ማስያዣም ጭምር።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ቀን ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ካሸር ነኝ፤ ማታ ቤቴ እንጀራ እጋግራለሁ። ለጎረቤት፣ ለሠርግ፣ ለክርስትና ይበቃል። ሱቅ መደርደሪያ ላይ ለመቀመጥ ግን ተመርምሮ ፈቃድ ያገኘ ኩሽና ያስፈልጋል። የእኔ አፓርትመንት ሁለት ምጣድ ሲሰካበት ብሬከሩ ይወድቃል። ጥር ላይ ደግሞ ሊጡ አልቦካም ይላል፤ ብርድ ልብስ ደርቤለት ሂተሩ አጠገብ አሳድረዋለሁ። መርማሪ መጥቶ ይህን ቢያይ ምን እንደሚል አላውቅም።

መጀመሪያ የሄድኩት ባንክ ነበር። የባንኩን ስም አልጠራም። ሰውየው ትሑት ነው፣ ውሃ ሁሉ አምጥቶልኛል። የሁለት ዓመት የንግድ ታክስ ወረቀት አምጪ አለኝ። ንግዱን ለመጀመር እኮ ነው የመጣሁት! ቀጥሎ ክሬዲቴን አየ፤ ብድር አከፋፈሌን የሚያሳየውን ነጥብ ማለት ነው። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ዲቪ ደርሷቸው የመጡ ሁሉ ያውቁታል።

ዲቪ እኔም ደርሶኝ ነው የመጣሁት። ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዴ (የመንግሥት መለያ ቁጥሬ ያለበት) በፖስታ ሲደርሰኝ በቃ ሰው ሆንኩ ብዬ ነበር። ከዚያ ቤት ልከራይ ስል «ክሬዲት የለሽም» ተባልኩ። ዕዳ የለብኝም፣ ታዲያ ምን ችግር አለው? አልኩ። ችግሩ እሱ ነው። ሀገር ቤት ዕዳ የሌለበት ሰው ይከበራል። እዚህ ዕዳ የሌለበት ሰው አይታወቅም። ነጥቡ ከ300 ይጀምርና 850 ላይ ያበቃል። አዲስ መጤ ታዲያ 300ም የለውም። መዝገቡ ላይ ጭራሽ የለም።

አሁን ነጥብ አለኝ፤ ለንግድ ብድር ግን አይበቃም። የሚገርመኝ ደግሞ የማይቆጠረው ነገር ነው። ዕቁብ ስጥል አንድም ወር አላጎደልኩም። ሥራ በጠፋበት በኮሮናም ጊዜ አላጎደልኩም። ይሄ ለክሬዲት መዝጋቢዎቹ እንዳልነበረ ነው። አንድ የክሬዲት ካርድ ክፍያ ወር ቢያልፈው ግን ለሰባት ዓመት ይዘውልሻል።

ዕቁባችን የሚሰበሰበው እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ ነው። ዳኛችን ጋሼ የድሮ ታክሲ ነጂ ነው፤ አሁን ጡረታ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው በዜል፣ በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ነው የሚልከው። ሁለት ሦስት ሰዎች አሁንም በፖስታ አጥፈው በጥሬው ይሰጡታል። ጋሼ ምራቁን ጣቱ ላይ ነካ እያደረገ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ጸሐፊዋ ስልኳ ላይ ስትመዘግብ እሱ ደግሞ በደብተሩ ይጽፋል። ስልክ ይሰበራል ባይ ነው። ዛሬ ብሩን ከመስጠቱ በፊት መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «ዋስሽ ማነው?» አለኝ። ለዓመታት ያውቀኛል፣ ልጆቹን ክርስትና አስነስቻለሁ። ቢሆንም ይጠይቃል። አብሮኝ ጋራዥ የሚሠራው ልጅ ተነስቶ «እኔ ነኝ» አለ። እኔ ብጠፋ ቀሪውን የሚከፍለው እሱ ነው። እንግዲህ ፈረቃው ሲያልቅ የሚሮጥ፣ ሦስት ልጅ ያለው ሰው ነው።

ዕቁብን አላመልከውም። አንዱ በጊዜ ወስዶ ሌላ ስቴት ገብቶ የፈረሰ ዕቁብ አውቃለሁ። ፍርድ ቤት ሂዱ ቢባል ምን ይዘው ይሄዳሉ? የጋሼን ደብተር? ቢሆንም ስታምን የሰውየውን ፊት እያየህ ነው። ባንኩ ያየው አንድ ቁጥር ነው።

ወረቀቱን ጨርሻለሁ፤ እሱ አላስቸገረኝም። ለድርጅቱ ምዝገባ ለቨርጂኒያ 100 ዶላር ይከፈላል። የግብር ቁጥሩን አይአርኤስ (የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት) በነጻ ይሰጣል (ነጻ መሆኑን የምጽፈው አስከፍለው «የሚያወጡ» ሰዎች ስላሉ ነው)። ያስደነገጠኝ ታክሱ ነው። ደሞዝተኛ ስትሆን ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለጡረታ) እና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን ሕክምና) ከደሞዝህ 7.65 በመቶ ይቆረጣል፤ ያንኑ ያህል ቀጣሪው ይጨምራል። የራስህ አለቃ ስትሆን ሁለቱም አንተ ነህ፤ 15.3 በመቶ። ቀጣሪዬን ስንት ጊዜ አምቼዋለሁ፤ ለካ ይህን ሲከፍልልኝ ኖሯል።

የወደድኩት ሕግ ግን አለ፤ የማሸጊያው ጽሑፍ። እንጀራው ውስጥ ያለው ሁሉ በክብደቱ ከብዙው ወደ ትንሹ ተደርድሮ መጻፍ አለበት። ስንዴ ካለበት ስንዴ መኖሩ መገለጽ አለበት፤ የማይስማማው ሰው አለና። «የጤፍ እንጀራ» የሚለውን እሽግ እስቲ ገልብጣችሁ ጀርባውን አንብቡ። ጤፍ ስንተኛ ላይ እንደተጻፈ እዩ። ማንንም ለማጋለጥ አይደለም። ቀድመው የመጡት ጤፍ አጥተው በሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት (ቤኪንግ ፓውደር በተቀላቀለበት የስንዴ ዱቄት) ነው የጋገሩት፤ እንጀራ ያቆየልን እሱ ነው። ኢትዮጵያም በ2006 እ.ኤ.አ. ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከልክላ ነበር። አሁን ግን እዚሁ አሜሪካ፣ አይዳሆም የበቀለ ጤፍ አለ። ውድ ነው፣ ግን አለ። እኔ ድብልቅም ንጹሕም እጋግራለሁ፤ ድብልቁን ድብልቅ ብዬ እጽፍበታለሁ፣ ዋጋውንም ለየብቻ። እናቴ በስልክ ይህን ስነግራት «እንጀራ ደግሞ ምን ጽሑፍ ያሻዋል? ዓይኑን አይተው አይገዙም?» አለች።

ስንበተን አንዲት ልጅ ጠበቀችኝ። ዲቪ ደርሷት ገና መምጣቷ ነው። እኔ ጋራዡን ስለቅ ቦታዬ ላይ ልትገባ ነው። «እትዬ፣ በሚቀጥለው ዙር ልግባ ብዬ ነበር፣ ጋሼ ዋስ አምጪ አለኝ» አለችና መሬት መሬት አየች።

እሺ አልኳት። ከሥራዋ በፊት ጠዋት የምትጋግርልኝ እሷ ስለሆነች አውቃታለሁ። ሊጥ ስታቦካ አይቻታለሁ፤ አትቸኩልም። አንድ ነገር ግን አስገደድኳት። ነገውኑ ባንክ ሄዳ 300 ዶላር አስይዛ ክሬዲት ካርድ እንድታወጣ።

«የራሴን 300 አስይዤ የራሴን 300 ልበደር?»

«አዎ። ቡና ግዢበት፣ ወሩ ሳያልቅ ክፈዪው። ቢያንስ ስድስት ወር እንደዛ አድርጊ።»

ትንሽ አሰበችና «ይሄማ ለብቻ የሚጣል ዕቁብ ነው» አለች። ጋሼ ደብተሩን ቦርሳው ውስጥ እየከተተ ሰማት። «እሱም ዋስ የለው፣ ዕጣም አይወጣው» ብሎ እየሳቀ መኪናውን ሊያመጣ ወጣ።