የካርቶን ቢኤም 21 ሥራዬ፣ ሦስተኛ ሳምንት

ሰላም ናችሁ ሞዴል ሰሪዎች፣ ባለፈው ከደብረ ማርቆስ ሆኜ ቢኤም 21ን፣ ያንን ሮኬት የሚተኩስ የጦር መኪና፣ በ1 ለ20 ልሰራው ነው ብዬ ስፎክር ነበር አይደል፣ ይኸው አላለቀም ግን ቅርፅ ይዟል። መኪናው ኡራል 375 ነው፣ ባለ 6 ጎማ፣ ካቢኑን ከጫማ ካርቶን ጎማውን ካረጀ ነጠላ ጫማ ቆርጬ በ2 ቀን ጨረስኩት። ያሰቃየኝ ሮኬቱ የሚተኮስበት ቱቦ ነው።

የእውነተኛው ቱቦ ስፋት 122 ሚሊሜትር ቁመቱ ደሞ 3 ሜትር አካባቢ ነው፣ ለ20 ስታካፍሉት 6 ሚሊሜትር በ15 ሴንቲ ይመጣል፣ ትንሽ ወፈር ቢልም የእስክሪብቶ ቀፎ ማለት ነው በቃ። 4 ረድፍ በ10፣ 40 ቀፎ። ተማሪዎቼን ቀለም የጨረሰ አምጡ ብዬ 38 አገኘሁ፣ ሁለቱን አዲስ ገዝቼ ቀለሙን ሳወጣ እጄ ለ3 ቀን ሰማያዊ ሆኖ ሰነበተ። ይባስ ብሎ የታችኛው ረድፍ ኮላው ሳይደርቅ ተንጋደደ።

ጎረቤታችን ጡረተኛ መቶ አለቃ አሉ፣ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ኦጋዴን ላይ ቢኤም ምድብ የነበሩ። የተንጋደደውን አሳየኋቸውና ሳቁ፣ «ተወው ልጄ፣ የኛም ቢሆን እዛው አካባቢ ነበር የሚያርፈው» አሉኝ። እኔ እስከዛሬ 40 የሆነው ለማስፈራራት ነበር የሚመስለኝ። ለካ ሮኬቱ አንዴ ከወጣ የሚመራው ነገር የለም፣ ቱቦው ውስጥ ጠምዘዝ ያለ መስመር አለ፣ እሱ ቀስ አርጎ ያሽከረክረዋል፣ ታጥፈው የገቡት ክንፎች ሲወጣ ይዘረጋሉ፣ መሽከርከሩ የሞተሩ ግፊት ትንሽ ቢንጋደድ እንኳ ወደ አንድ ጎን ብቻ እንዳይገፋው ነው። ከዛ በኋላ ግን 20 ኪሎሜትር ድረስ ንፋስ ነው የሚጫወትበት። ስለዚ አንዱ ቢስት ብለው 40ውን በ20 ሰከንድ ይለቁታል። ራሺያዎቹ በ1963 እ.ኤ.አ. ሰራዊታቸው ውስጥ ሲያስገቡት ያወጡለት ስም ግራድ ነው፣ በረዶ ማለት ነው፣ በጥቅምት ጤፉ ላይ በረዶ የወረደበት ጎጃሜ ለምን እንዳሉት አይጠይቅም።

ሉና የሚባለው ሌላው የራሺያዎቹ መሣሪያ ደሞ ተቃራኒው ነው፣ አንድ ትልቅ ሮኬት፣ ወደ 2.5 ቶን የሚመዝን፣ እሱም የማይመራ፣ 70 ኪሎሜትር ያህል ሄዶ በመቶ ሜትሮች ይስታል። ኑክሌር ሊሸከም ስለታሰበ መሳቱ ብዙም አላሳሰባቸውም። በተራ ፈንጂ ሲሆን ግን ጣጣ ነው፣ በ1973 እ.ኤ.አ. ሶሪያ የእስራኤሉን ራማት ዳቪድ የአየር ኃይል ሰፈር ብላ ስትተኩስ ሚግዳል ሃኤሜክ ከተማ ላይ ወደቀ፣ እስራኤልም ደማስቆ ያለውን የጦር ኃይሉን ዋና መሥሪያ ቤት ደበደበች። እውነቱን ለመናገር ይሄን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን እስክሪብቶዎቹን አልነካኋቸውም።

አሁን የቀረኝ ቀለምና ገመዱ ነው፣ ምክንያቱም መቶ አለቃ ከካቢኑ ወጥተን 60 ሜትር ገመድ ስበን ነበር የምንተኩሰው ስላሉኝ ከክር እሰራዋለሁ። ችግሬ ግን እኔ እንደ ክሬን መስሎኝ ከሚስማር 4 መደገፊያ እግር ሰርቼ ለጥፌበታለሁ፣ እሳቸው «ቢኤም ምን እግር አለው፣ ሞላው ይቆለፋል እንጂ» ብለው ተቆጡኝ። የደረቀ ኮላ ካርቶኑን ሳይቀድ እንዴት እንደሚላቀቅ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ቶሎ ንገሩኝ።