«ወይም ተመሳሳይ»

ባለ16 ቢቱ ኤዲሲ፣ ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ቺፕ፣ አልቃና አለኝ። ዲሲ ቮልቴጅ እየሰጠሁ በመልቲሜትር ሳስተያየው ከታች እስከ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ነው። የ1 ኪሎኸርዝ ሳይን ዌቭ ሳስገባ ግን ሦስተኛው ሃርሞኒክ፣ ማለትም በሦስት እጥፍ ፍሪኩዌንሲ የሚወጣው መዛባት፣ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ፍሪኩዌንሲውን ስጨምር ይብስበታል። አሁን ሳስበው መልሱ እዚያው ነበር። እኔ ግን ቺፑን ጠረጠርኩ። ነቅዬ ሌላ በየድኩ፣ ሪፈረንሱን ቀየርኩ፣ አምፕሊፋየሩን ቀየርኩ። ለቺፑ አምራች የጻፍኩትን ኢሜይል ዛሬም ሳነበው ያሳፍረኛል።

በሁለተኛው ሳምንት የግዢው ሰውዬ ፊርማ ፈልገው መጡ።

«ኢንጂነር፣ አሁንም ከዚችው ጋር ነህ?»

«ምን ላድርግ ጋሼ፣ ዕቃው ነው።»

«ዕቃውንማ እኔ ነኝ የገዛሁት። የቱ ነው?»

ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡና ግብዓቱ ላይ ያለችውን ካፓሲተር ጠቅ ጠቅ አደረጓት። «ይቺ ናት?» ስክሪኑ ላይ ጸጥ ብሎ የተኛው መስመር ብድግ አለ። ደገሙት፤ አሁንም ብድግ። «ውይ፣ አበላሸሁ እንዴ?» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ።

ሲ ዜሮ ጂ የሚባለው የሴራሚክ ካፓሲተር ዓይነት ብትሆን ኖሮ ዝም ትል ነበር። የተበየደችው ኤክስ ሰቨን አር የሚባለው ሌላው ዓይነት ናት፤ ባሪየም ታይታኔቷ ሲነኳት ቮልቴጅ ያወጣል፣ ቮልቴጅ ሲቀያየርባት ደግሞ አቅሟ ይዋዥቃል። ከፊቷ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር አለ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ፊልተር ናቸው። ስለዚህ ፊልተሩ ሲግናሉ መሃል ላይ ሲሆን አንድ፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሌላ ነው። ኤዲሲው ምን ያድርግ፣ የመጣለትን ጠማማ በታማኝነት ቆጠረ። ካፓሲተሯን ስቀይር ሃርሞኒኩ ኖይዙ ውስጥ ሰጠመ።

ለአለቃዬ «የግዢ ችግር ነበር» አልኩት። ጋሼ ሰሙ፤ ምንም አላሉም። ከሰዓት በኋላ ፋይላቸውን ይዘው መጡና የዕቃ ዝርዝሬን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። ጣታቸውን ያሳረፉበት ተራ በገዛ እጄ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ሴራሚክ፣ 10 ናኖፋራድ፣ 50 ቮልት ወይም ተመሳሳይ»። የሰርኪዩቱ ስዕል ላይማ ሲ ዜሮ ጂ ብዬ ነበር። ስዕሉን ግን ለግዢ ማን ሰጣቸው?

ከዚያ ወዲህ አዲስ ዝርዝር በላክሁ ቁጥር ይደውላሉ። «ኢንጂነር፣ ራሱን ነው ወይስ ተመሳሳይ?»

«ራሱን» እላለሁ። ዋጋውን ሲነግሩኝ ግን «ቆይ ጋሼ፣ ተመሳሳዩ ስንት ነው?» ያልኩባቸው ቀኖች አሉ።