ቀይ የደም ሴልን ሳያፈነዱ ማጠብ፦ የአራተኛ ወር ማስታወሻ

ቀይ የደም ሴሎች የሚለቁትን ኤቲፒ (ሴሎች ጉልበት የሚያገኙበትን ሞለኪውል) ለመለካት ደብረ ማርቆስ ላይ መለማመድ ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ፤ ከእነዚህ ሦስቱ ያለቁት ቀዮቹን ሴሎች ከቀረው ደም ለይቶ በማጠቡ ላይ ነው። በአንድ ቀይ ሴል ውስጥ ያለው ኤቲፒ ከ1 እስከ 2 ሚሊሞላር ገደማ ሲሆን፣ ሴሉ ሳይፈነዳ የሚለቀው ግን የሚቆጠረው በናኖሞላር (በሚሊሞላር ሚሊዮንኛ) ነው። ሴሎች የይዘቱን 1 በመቶ በያዙበት ድብልቅ ውስጥ ከሺህ ሴል አንዱ ቢፈነዳ 10 ናኖሞላር ያህል ይፈስሳል፤ ይህም «ሴሎቼ ኤቲፒ ለቀቁ» ብሎ ለመደሰት ይበቃል። እኔም ሁለት ጊዜ ተደስቻለሁ።

ደሙን ከፈቃደኛ ሰው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ባለበት ቱቦ እንቀዳለን፤ ለዚሁ የሚያገለግለውን ኢዲቲኤ የተውነው ካልሲየምን ስለሚይዝብን ነው። ከዚያም በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በ500 ጂ (የመሬት ስበት 500 እጥፍ)፣ ለ10 ደቂቃ እናሽከረክራለን። ፕላዝማው ከላይ፣ ቀዩ ከታች ሲለይ በመካከላቸው እንደ ወተት ስልባቦት የሳሳ ነጣ ያለ ንብርብር ይታያል። ነጭ የደም ሴሎችና ፕሌትሌቶች (ደም የሚያረጉት ትንንሽ ሴሎች) ያሉት እዚያ ነው፤ ፕሌትሌቶችም የራሳቸውን ኤቲፒ ስለሚያጠራቅሙና ሲነኩ ስለሚለቁት፣ ንብርብሩን ስናነሳ ከሥሩ ጥቂት ቀይ አብሮ ቢሄድ ይሻላል። መጀመሪያ ላይ ለቀዩ እየሰሰትኩ ስልባቦቱን አስቀር ነበር።

የከፋው ስህተቴ ግን ሌላ ነው። ከሦስተኛው እጥበት በኋላ እንኳ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ ቀይ ሽንኩርት የታጠበበት ውኃ ይመስል ነበር፤ ሴሎቹ እየፈነዱ ነበር ማለት ነው። የማጠቢያውን ጨው ጠርጥሬ (ሲያንስ ሴሉ ውኃ ስቦ ይፈነዳል) ሁለት ጊዜ እንደገና መዘንኩ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ በሥራው የቆየች ባለሙያ «ሚዛኑን ተወውና ማስመሪያ አምጣ» አለችኝ። ከማሽከርከሪያው መሃል እስከ ቱቦው ግርጌ ለካን፤ 10 ሴንቲሜትር ሆነ። ከሌላ ማሽን የገለበጥኩት 4,000 ዙር በደቂቃ በዚህኛው 1,800 ጂ ገደማ ይሰጣል፤ ለ500 ጂ የሚያስፈልገው ግን 2,100 ዙር አካባቢ ብቻ ነው። ጥፋቱ የፍጥነቱ ብቻ አልነበረም፤ እንደ ጭቃ የተጠቀጠቀውን ቀይ ለመበተን በቀጭን ፒፔት ደጋግሜ እስብና እገፋ ስለነበር ሴሎቹን የቀደድኳቸው በገዛ እጄ ነው። አሁን ቱቦውን በዝግታ እያገላበጥኩ እበትናለሁ፤ ፈሳሹም ጠርቷል።

ሌላው የትሪስ፣ ማለትም የማጠቢያውን ፒኤች (የአሲድነት ልክ) የሚያረጋጋው በፈር ጉዳይ ነው። የትሪስ ፒኤች ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር 0.03 ያህል ይወርዳል። የደብረ ማርቆስ ጠዋት ብርድ ስለሆነ በ18 ዲግሪ 7.4 ላይ ያስተካከልኩት በፈር በ37 ዲግሪ 6.9 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በፈሩን የማስተካክለው አሙቄ ነው።

ኤቲፒውን የምንለካው በሌሊት ከሚያበራው ጥንዚዛ በተገኘው፣ ኤቲፒ ሲያገኝ ብርሃን በሚሰጠው ኢንዛይም በሉሲፈሬዝ፣ ደሙ በተቀዳ በ8 ሰዓት ውስጥ ነው። ከዚያ ያንኑ ናሙና አሽከርክሬ ከላይ የሚቀረውን ፈሳሽ ሄሞግሎቢን አጥብቆ በሚውጠው ብርሃን፣ በ405 ናኖሜትር፣ አነባለሁ፤ ሄሞግሎቢን ከታየበት ናሙናውን እጥላለሁ። በርግፌልድና ፎረስተር እ.ኤ.አ. በ1992 የኦክስጅን እጥረት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት ጋር የሰው ቀይ የደም ሴሎችን ኤቲፒ እንደሚያስለቅቅ አሳይተዋል፤ በሚቀጥለው ወር የምሞክረው ይህንን ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ግን ሆን ብዬ በተጣራ ውኃ ካፈነዳኋቸው የታወቀ መጠን ያላቸው ሴሎች የማነጻጸሪያ መስመር አወጣለሁ።