ዶክተሯን «አንተ» ብዬ የጻፍኩ ጊዜ

ይህን የምጽፈው ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። መሪ ገጸ ባሕርይው የሚቀየርበትን ድራማ ወደ አማርኛ ልመልስ ያለ ሰው ያንብበው።

«ዶክተር ሁ»ን፣ በጊዜና በጠፈር ስለሚጓዝ ዶክተር የሚያወራውን የእንግሊዝ ድራማ፣ ቢቢሲ የጀመረው በ1963 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ዶክተሩ ሊሞት ሲል ሰውነቱን ይቀይራል፣ ሌላ ተዋናይ ይተካዋል። ዘዴው በ1966 የመጣው የመጀመሪያው ተዋናይ ዊልያም ሃርትኔል ጤናው ሲዳከም ነው። እኔ የተለከፍኩት በአሥረኛው ዶክተር፣ በዴቪድ ቴናንት ዘመን ነው። በ2017 አሥራ ሦስተኛዋ ዶክተር ጆዲ ዊተከር መሆኗ ሲነገር ከፋኝ። እውነቱን ልናገር፣ የከፋኝ ሴት በመሆኗ ነው።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው። ከሥዕሉ ሥር የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በኖትፓድ ትከፍታለህ፣ ሰዓቱን ሳትነካ ቃሉን ትቀይራለህ፣ የእኛን ፊደል በሚይዘው በዩቲኤፍ-8 ታስቀምጣለህ። አለበለዚያ ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ይሆንብሃል። ፕሮጀክተር ተዋስኩ፣ ከዚራ ግቢያችን ውስጥ አንሶላ ሰቀልኩ፣ የድሬ ሙቀት በረድ ሲል ሰፈሩ ተሰበሰበ።

ጉዱ የመጣው ከአማርኛው ነው። እንግሊዝኛ «ዩ» ብሎ ያልፋል፣ ለወንዱም ለሴቷም። እኛ ግን «ና» ወይ «ነይ» ሳንል አንድ መስመር አንጨርስም። መጀመሪያ «እርስዎ» ብዬ ልሸሽ ሞከርኩ፣ ምክንያቱም አክብሮት ጾታ አይለይም። ግን ያዝ የምትባለው የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ፖሊስ ዶክተሯን «ምን እያደረጉ ነው?» ስትላት የቀበሌ ደብዳቤ መሰለብኝ። ሰረዝኩት። ከዚያ «ጾታው ካጠራጠረ በወንድ ጻፍ» የምትለዋን የትምህርት ቤት ደንብ ያዝኩ። ምን ያጠራጥራል? ሴትዮዋ ፊቴ ቆማለች! ደንቡን የፈለግኩት ቅሬታዬን እንዲሸፍንልኝ ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «አንተ» አልኳት።

ባቡሩ ውስጥ ያለው ትዕይንት ደረሰ። ፖሊሷ «እመቤት» ብላ ትጠራታለች። ዶክተሯ ለምን እንዲህ እንደምትላት ትጠይቃለች፣ ሴት ስለሆነች መሆኑ ሲነገራት ደግሞ ይስማማት እንደሆነ ትጠይቃለች። ከግማሽ ሰዓት በፊት ሽበታም ስኮትላንዳዊ ነበረች እኮ። አንሶላው ላይ የእኔ ጽሑፍ «ሴት ስለሆንክ» ይላል። ግቢው ጸጥ አለ። ታናሽ እህቴ ብድግ ብላ «አቦ፣ አንተ ሰውዬ፣ ሴት ናት እየተባለ ሴት አትላትም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ትንሽ ቆይቶ ዶክተሯ የሼፊልድ ማንኪያዎች አቅልጣ መሣሪያዋን ስትሠራ፣ በምድር ባቡር ጋራዥ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ጎረቤታችን ከወንበራቸው ቀና አሉ። «ይቺማ ባለሙያ ናት፣ እጇን እዩት» አሉ። ይቺ። ጽሑፉን አያነቡም፣ ዓይናቸው ስለማያደርስ። ያዩትን ነው ያሉት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በሚቀጥለው ሳምንት ከሰባቱ ሴት ልጆች ሁለት ብቻ መጡ።

ሦስት ሌሊት ተቀምጬ ሁሉንም መልሼ ጻፍኩት። ያኔ ነው የገባኝ። በአማርኛ «እኔ» ስትል ጾታ የለባትም፣ «መጣሁ»፣ «አየሁ»፣ «ነኝ» ወንድም ሴትም ይለዋል። ሴትነቷን የሚሰጧት የሚያናግሯት ሰዎች ናቸው። እኔ ደግሞ ከአሥር ሰው አፍ ላይ ነጠቅኳት። ምክሬ ይህ ነው። «እርስዎ»ን ለሽሽት አትጠቀሙ። «ዶክተሩ»ንም «ዶክተሯ»ንም ከጽሑፉ አውጡ፣ «ዶክተር» እንደ ስም ይቁም። የሚያናግሯት ሁሉ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ «አንቺ» ይበሏት። ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ አዲሱን ተዋናይ ተቀብላችሁ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ካልተቀበላችሁ ለሌላ ሰው ስጡት።

ዊተከርን ወድጃታለሁ። ጉጉቷ ደስ ይላል፣ ስትሮጥ አብረሃት መሮጥ ያምርሃል። ድርሰቱ ላይ ግን ቅር እንዳለኝ ነኝ። ከዶክተር ጋር ሦስት ተጓዥ በአንዴ በዛ፣ ያዝ ብዙ ክፍል ከኋላ ቆማ ቀረች። የመጀመሪያ ዙሯ አሥሩም ክፍል ያለ ዳሌክ፣ ያለዚያ የዶክተር የድሮ ጠላት፣ አለቀ፣ አንዱን ያየነው በጃንዋሪ 1፣ 2019 በወጣው ልዩ ክፍል ነው። ይህን ድርሰት ቴናንት ቢጫወተውም እኮ ያው ይከፋኝ ነበር።

አሁን እያንዳንዱን ፋይል እህቴ ቀድማ ታነበዋለች። ከቀሩት ልጆች አራቱ ተመልሰዋል። አምስተኛዋ፣ ያን የመጀመሪያ ምሽት ዶክተር የሚጓዝባትን ሰማያዊ የፖሊስ ሳጥን ደብተሯ ላይ ሥላ ያመጣችልኝ፣ እስካሁን አልመጣችም።