አሮጌ የጠላቂ ሰዓት ፒያሳ ላይ ሲገዛ

ባሕር በሌለበት ከተማ የጠላቂ ሰዓት ማሰር ቅብጠት ይመስላል። ይሁን፤ ከሩቅ የሚነበበው ገጽና በጣት ሲዞር ቀጭ ቀጭ የሚለው ቀለበት ግን ሱስ ነው።

ፒያሳ ላይ ሴይኮ 6309-7040 የተባለው የጠላቂ ሰዓት ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ጀርባውን አንብቡ። የመለያ ቁጥሩ የመጀመሪያ አሃዝ ዓመቱን ይነግራል፤ 2 ከሆነ በፈረንጆቹ 1982 ነው። ከቆመ አትጠምዝዙት፣ በእጅ አይሞላም፤ ወዝውዙት። ገጹ ጨለማ ውስጥ እንደ አዲስ የሚያበራ ከሆነ የተቀየረ ወይም በላዩ የተቀባ ነው፤ ዋጋው መውረድ አለበት።

ገጹ ላይ የተጻፈውን የ150 ሜትር የውኃ መቋቋም እርሱት። ውኃ እንዳይገባ የሚያሽገው ጎሚኒ በዕድሜ ይደርቃል፤ በክረምት መስታወቱ ከውስጥ ላብ ካወጣ ዝገት ተከትሎ ይመጣል። የጀርባውንና የመስታወቱን ጎሚኒ አስቀይሩ፣ አዲሱም የሲሊኮን ቅባት ይቀባ፤ የቁልፉ (ሰዓቱ የሚስተካከልበት የጎን ጉብታ) ግን ውስጡ የተቀበረ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቁልፉ ራሱ ይለወጣል። ማሰሪያው 22 ሚሊ ሜትር ነው።